ለሌባ የተገዛ ጠመንጃ

እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ፣ ያን ጊዜ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆ ባይደን፣ ቤትን ከወራሪ ለመጠበቅ የትኛው መሣሪያ ይሻላል የሚል ነገር ተነሥቶላቸው ነበር። ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ግዙ ብለው መለሱ። ለባለቤታቸውም ቢሆን የሚያስፈራ ነገር ከመጣ ወደ ሰገነቱ ወጥተው ሁለት ጊዜ እንዲተኩሱ እንደ መከሯቸው አጫወቱ። ምክሩ ብዙ አልተራመደም። ሕግ አዋቂዎቹ እንዲህ ያለው ተኩስ በራሳቸው በባይደን ክፍለ ግዛት በደላዌር ሊያስከስስ ይችላል ብለው ተነሡ። መሣሪያ አዋቂዎቹ ደግሞ ሁለት ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ሁለቴ ከተተኮሰ በኋላ ዱላ መሆኑን አስታወሱ።

ይህን ያነሣሁት ሰውየውን ለማማት አይደለም። ቤተሰቡን የሚወድ ማንም ሰው ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ "ቤቴን በምን ልጠብቅ?" ለሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ የመሣሪያ ስም ነው። ሽጉጥ። ሾትገን። ከዚያ የጥይቱ ዓይነት ይከተላል፤ ከዚያ ዋጋው። በዚያ ቤት ውስጥ ማን ማን እንደሚያድር ግን የሚጠይቅ የለም።

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ይኼ ወሬ እኛም ሐበሾች ዘንድ ገብቷል። ድሮ ለቅሶ ቤትም ሆነ ክርስትና ላይ የሚወራው ስለ ቤት ብድርና ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ነበር። አሁን አሁን ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንተ፣ ቤትህ ምን አለህ?" የሚል አይጠፋም። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ከእሱ ሁለት ቤት አልፎ ያለው ቤት ሌሊት ተሰብሮ ነበር፤ ሰዎቹ ፎቅ ላይ ተኝተው ምድር ቤቱ ተዘርፎ አደረ። ወዳጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። "አንተ የጎጃም ልጅ ነህ፤ መሣሪያ ታውቃለህ። የትኛውን ልግዛ?" አለኝ። ስለ ጎጃም ልጅ ያለው ግምት ደስ ቢለኝም፣ እውነቱን ለመናገር እኔ የማውቀው መሣሪያ አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረውን ምንሽር ነው። ሆኖም ጥያቄው ውስጤ ቀረ። ላነብ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ልጠይቅ ተነሣሁ።

የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ሽጉጥ ለማስቀመጥ ይመቻል፤ በአንድ እጅ ይያዛል፣ በሌላው ስልክ መደወል ወይም ልጅ ማቀፍ ይቻላል። ነገር ግን ልምድ ለሌለው ሰው፣ ያውም እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ያሰቡትን መምታት የሚያስቸግረው ሽጉጥ ነው። ረጅም ጠመንጃ ትከሻ ላይ ስለሚደገፍ ለማነጣጠር ይቀላል፤ በጠባብ ኮሪደር ግን አፈሙዙ ከሰውየው ቀድሞ ማዕዘኑን ይዞራል፣ ከልጆች ለመደበቅም አይመችም። በሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት የሞላው መሆን፣ አሻራ መስጠት፣ የ4 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ የብቃት ፈቃድ ማውጣት፣ ማመልከቻው ከገባ በኋላም 7 ቀን መታገሥ ግድ ነው። ተራ የአደን ጠመንጃ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ወዳጄ ወደ ሾትገኑ ያዘነበለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነበር። ሌላው ምክንያቱ ደግሞ፣ "ድምፁን ሲሰማ ሌባው ይሸሻል" የሚለው እዚህ አገር በሰፊው የሚወራ ተረት ነው። ይሸሽም ይሆናል። የማይሸሽ ከሆነ ግን የት እንደቆምክ ነገርከው ማለት ነው።

ስለ ጥይት የሚነገረው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከእንጨት ሰንበር ላይ የተመታ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። የተናደደ ጎረምሳ በቡጢ ቢመታው እጁ ማዶ ይወጣል። ሰውን ለማስቆም የሚበቃ ጥይት፣ ከሽጉጥም ይውጣ ከሾትገን፣ እንዲህ ያለውን ግድግዳ አንድ ሁለት ሦስቱን በስቶ ያልፋል። ለወፍ አደን የሚሆነው ደቃቅ እርሳስ ቶሎ ይደክማል፤ ታዲያ ሰውየውንም ላያስቆም ይችላል። እንግዲህ ሌባውን የሚጥለው ጥይት ግድግዳውንም ያልፋል፤ ግድግዳውን የማያልፈው ሌባውንም አይጥልም። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ አልጋ አለ።

የወዳጄን ቤት ስለማውቀው ማን ማን እንደሚያድርበት ልንገራችሁ። ባለቤቱ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ የማታ ተራ ሲደርሳት እኩለ ሌሊት አልፎ ትገባለች፤ ማንንም ላለመቀስቀስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በጣቷ ነው የምትራመደው። የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለው። እናቱ ከአገር ቤት መጥተዋል፤ እማማ እንደ ልማዳቸው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነሡና ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መብራት ሳያበሩ፣ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ። "መብራት ለምን አያበሩም?" ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። "ልጄ፣ ለጸሎት ምን መብራት ያሻዋል? ደግሞ የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነው" አሉኝ።

በዚያ ቤት በጨለማ ሲንቀሳቀስ የሚገኝ ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል እስቲ በዓመት ቁጠሩት። እማማ በየሌሊቱ። ሚስቱ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። ልጁ ሲርበው ወደ ማቀዝቀዣው በየጊዜው። ሌባው በዕድሜ ልክ ምናልባት አንድ ጊዜ፤ ምናልባትም ከነጭራሹ። ጠመንጃው የሚመረጠው ግን ለሌባው ነው።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 መጨረሻ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ አንድ አባት ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ሰው ገባብኝ ብሎ ተኮሰ። የወደቀችው የ16 ዓመት ልጁ ነበረች። ስሙንም ስሟንም አልጽፍም። ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ጠመንጃውን ሲመርጥ ያሰበው ምናልባት እሷን ነበር።

እዚህ ላይ "እና ምን ይሁን? እጃችንን አጣጥፈን እንዘረፍ?" የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም። ሰው ቤቱን ሰብሮ የገባበትን ኃይለኛ መግደል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ አዋቂዎችም ሲከራከሩበት ኖረዋል። ቅዱስ አውግስጢኖስ፣ ሰው ያለ ፈቃዱ ሊያጣው ስለሚችለው ነገር ብሎ፣ ሕይወቱንም ጨምሮ፣ ሌላውን መግደሉ ከኃጢአት ንጹሕ መሆኑን ተጠራጥሯል። ቶማስ አኲናስ ፈቅዷል፤ ነገር ግን አሳቡ ራስን ማዳን እንጂ መግደል እንዳይሆን፣ ኃይሉም ከሚያስፈልገው እንዳያልፍ ሲል ነው። የእንግሊዙ ጆን ሎክ ከሁሉም በላይ ለባለቤቱ ያደላል። በኃይል በእጁ ሊያስገባኝ የመጣ ሌባ ነፃነቴን ከነጠቀኝ በኋላ የቀረውን ሁሉ እንደማይነጥቀኝ ምን ማረጋገጫ አለኝ? ሕይወቴ ከጠፋ ዳኛው ምን አድርጎ ይመልስልኛል? ስለዚህ ልገድለው እችላለሁ ይላል። የእኛው የወንጀል ሕግም፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይቀበላል፤ ጥቃቱ ወዲያው የሚደርስ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይፈልጋል።

እኔን ከጠየቃችሁ በዚህ ጉዳይ ከአውግስጢኖስ ጋር አልስማማም። ልጆቹ ላይ ቢላ ይዞ የመጣን ሰው አባት ቆሞ ይመልከተው የሚል ሕግ ለመላእክት ይሆናል እንጂ ለእኛ አይሆንም። ነገር ግን ሁሉም ክርክራቸውን የሚጀምሩት ከፊት የቆመው ሰው ማን እንደሆነና ምን ሊያደርግ እንደመጣ ከታወቀ በኋላ ነው። ሎክ "ሌባው" ይላል። ሌባ መሆኑ በምን ታወቀ? መጽሐፍ ላይ ሌባው ገና ከመጀመሪያው መስመር ሌባ ነው። ኮሪደር ላይ ግን ጥላ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ይህ የገባው የኦሪቱ ሕግ ይመስለኛል። ዘጸአት ምዕራፍ 22ን አንብቡት። ሌባ ቤት ሲሰብር ተይዞ ተመትቶ ቢሞት በመታው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን የደም ዕዳ አለበት። ያው ሌባ፣ ያው ቤት፣ ያው ምት፣ ልዩነቱ ብርሃን ብቻ። ሌሊት የመጣውን ሰው ለመስረቅ ይምጣ ለመግደል ማወቅ ስለማይቻል ባለቤቱ ይማራል፤ ቀን ከሆነ ማየት ይችል ነበርና ይጠየቃል። የአይሁድ ሊቃውንት ደግሞ በታልሙዳቸው ይህን ሲተነትኑ ፀሐይ የተባለችው የሰማይዋ ብቻ አይደለችም፤ የመጣው ሰው ሊገድልህ እንደሚችል ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሲሆንልህ ነው ይላሉ። ምሳሌም አምጥተዋል፦ አባት የልጁን ቤት ሰብሮ ቢገባ ልጁ ሊገድለው አይችልም፤ አባት ለልጁ ስለሚራራ ቢሰርቅም አይገድልምና። ከሺሕ ዓመታት በፊት የነበሩ ሰዎች በጨለማ የገባው ሰው የገዛ አባትህ ሊሆን ይችላል ብለው አሰቡ። የዛሬው ጠመንጃ ሻጭ ይህን አይነግርህም።

ጨለማው በሕጉ ዓይን ነፃ ሊያወጣን ይችላል። እኛ ግን ሕሊናችንን የምናቀርበው ለዳኛ ብቻ አይደለም። በኦሪት ዘመን ለነበረ ሰው ጨለማ የእግዜር ነበር፤ ማብሪያ ማጥፊያ አልነበረውም። እኛ ግድግዳው ላይ አለን። በ20 ብር የሚገዛ ነገር ነው ለማለት ባይዳዳኝም በጥቂት ዶላር የእጅ ባትሪ ይገኛል። ወዳጄ ያዘጋጀው ዝርዝር ላይ ጠመንጃው፣ ሁለት ዓይነት ጥይቱ፣ ማንገቻው፣ መጥረጊያ ዘይቱ ሳይቀር ነበር። ባትሪ አልነበረበትም። እዚህ አገር መሣሪያ የሚያስተምሩ ቁም ነገረኛ ሰዎች ግን ከሁሉ በፊት የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ የምትተኩስበትን ነገር፣ ከኋላውም ያለውን፣ ሳታውቅ ጣትህን ምላጩ ላይ እንዳታሳርፍ።

የጠመንጃው ነገር እኛን ስደተኞችን በሁለት በኩል ይነካናል። ሁልጊዜ ራሳችንን ከበሩ ውስጥ እንደቆምን አድርገን ነው የምናስበው፤ ከበሩ ውጭ የቆምነውም እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1992 በሉዊዚያና፣ ባተን ሩዥ ከተማ፣ ለትምህርት የመጣ አንድ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ከአሜሪካዊ ጓደኛው ጋር ወደ ሃሎዊን ግብዣ ሲሄድ ቤት ተሳሳተ። ባለቤቱ ሽጉጥ ይዞ ወጣና "ፍሪዝ!" አለው። "ባለህበት ቁም" ማለቱ ነበር። ልጁ አልቆመም፤ የግብዣው ቤት መስሎት ወደ ሰውየው ሄደ፤ ተመቶ ሞተ። ገዳዩ በወንጀል ችሎት በነፃ ተለቀቀ፤ በፍትሐ ብሔር ግን ካሣ ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ደግሞ በካንሳስ ሲቲ አንድ የ16 ዓመት ጥቁር ልጅ ወንድሞቹን ሊወስድ ሄዶ የተሳሳተ ቤት ደወል ደወለ። የ84 ዓመት ሽማግሌ በመስተዋት በሩ በኩል ተኮሱበት፤ ልጁ በተአምር ተረፈ። ሽማግሌው በ2025 ጥፋታቸውን አምነው፣ ቅጣቱ ሳይወሰን ሞቱ።

እማማ "ፍሪዝ" ማለት ምን እንደሆነ አያውቁም። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤቱ ጠፍቷቸው፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና፣ የሌላ ሰው በር ሲገፉ ጎረቤት አግኝቶ መልሷቸዋል። ከመካከላችን ስንቱ ነው ሌሊት ምግብ የሚያደርስ፣ ቁጥሩ በማይታይ ቤት ደጃፍ በስልኩ መብራት የሚፈልግ? ያ ከበሩ ውስጥ የቆመው ሰው ቀዝቀዝ እንዲል፣ መብራቱን እንዲያበራ፣ "ማነህ?" ብሎ ሁለቴ እንዲጠይቅ የምንፈልግ ከሆነ፣ እኛም ከበሩ ውስጥ ስንሆን እንደዚያው መሆን ይጠበቅብናል።

በእኛ ገጠር ጠመንጃ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ እዚያ ሰው ሌባን አይገድልም ልላችሁ አልችልም። ይገድላል። ነገር ግን የተገደለው ሰው ስም አለው፣ አባቱ ይታወቃል፣ ደሙ ባለቤት አለው። ገዳዩ እውነት ቢኖረውም እንኳ ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ደም እስኪደርቅ ድረስ ገበያ አይወጣም። ይህ ሁሉ ጭካኔ አለበት፤ ቂሙ ስንት ቤት አጥፍቷል። አንድ ነገር ግን ያስገድዳል፦ ተኳሹ አስቀድሞ የማንን ልጅ እንደሚገድል ያስባል። እዚህ የተገደለው "ወራሪ" ይባልና በአንድ ቃል ያልቃል።

የአባቴን ምንሽር ነገር ጀምሬ ነበር። ግድግዳው ላይ፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ ተሰቅሎ ነበር የሚኖረው፤ ጥይቱ ግን እዚያ አልነበረም። ጥይቱ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ የሣጥኑ ቁልፍ መቀነቷ ጫፍ ላይ ነበር። አባቴ ለመተኮስ ቢያምረው መጀመሪያ ከእናቴ ጋር መነጋገር ነበረበት፤ እናቴም ወሬ ሳትጨርስ የምትሰጥ ሴት አልነበረችም። በድንበር ጠብ ተናዶ ገብቶ "ቁልፉን አምጪ!" ያለበትን አንድ ማታ አስታውሳለሁ። እሷ ራቱን አቀረበችለት። በልቶ ተኛ። ይህ ጥንቃቄ ይሁን ልማድ አላውቅም፤ ስም ሰጥተው ሲናገሩበት ሰምቼም አላውቅ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ ነገር ላይ ፈርዷል። ዋሽንግተን ዲሲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አዲስ ሽጉጥ በቤት መያዝን የሚከለክል፣ ሌላው ጠመንጃም በቤት ውስጥ ተፈትቶ ወይም ምላጩ ተቆልፎ እንዲቀመጥ የሚያዝ ሕግ ነበራት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሁለቱንም ሻራቸው። የተቆለፈ ጠመንጃ ራስን ለመከላከል አይሆንም የሚለው አንዱ ምክንያት ነበር። እውነት ነው፤ የተቆለፈ ጠመንጃ ይዘገያል። ይህን የሚክድ ሰው ሐሳዊ ነው። ፈጥኖ እጅ የሚገባው ጠመንጃ ለሁሉም እጅ ፈጥኖ ይገባል፤ የሚዘገየው ለባለቤቱም ይዘገያል። ወዳጄ የጠየቀኝ "የትኛውን?" ነበር። እኔ ያየሁት ምርጫ ግን የፍጥነት ምርጫ ነው፤ ሌባው ሲመጣ የሚከፈለውን ሠላሳ ሰከንድ ትከፍላለህ፣ ወይስ በቀረው ዕድሜህ ሁሉ ቤተሰቦችህ እንዲከፍሉት ታደርጋለህ?

የሚዘገየውን መምረጥ ዋጋ የለውም አልልም። አንድ ቀን ያ ሠላሳ ሰከንድ የሰው ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። የቀድሞ ባሏ "እገድልሻለሁ" እያለ የሚዞራት ሴት፣ ሱቁ ሦስቴ የተዘረፈበት ባለሱቅ፣ ፖሊስ ለመድረስ አርባ ደቂቃ የሚፈጅበት ገጠር የሚኖር ሰው፣ ሒሳባቸው ሌላ ነው፤ ጠላታቸውን ያውቁታል፣ አደጋው የቅዠት አይደለም። በእነሱ ላይ የምፈርድበት ድፍረት የለኝም። ራስን በመሣሪያ መከላከል በአሜሪካ በዓመት ስንት ጊዜ ይሆናል ሲባል እንኳ አንዱ ጥናት ከ60 እስከ 100 ሺሕ፣ ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው፣ 2 ሚሊዮን ተኩል ይላል። በዚህ ያህል የተራራቀ ቁጥር ላይ ቆሞ መማል አይቻልም።

የማይራራቅ ቁጥር ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በጥይት የሞተው ሰው 48,830 ነው። ከእነዚህ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራና በ2020 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በጥይት ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው በስምንት እጥፍ፣ የሴቶቹ በ35 እጥፍ እንደሚበልጥ አግኝቷል። ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ያቺ ሰዓት ካለፈች ብዙዎች ይኖራሉ፤ ጠመንጃ ግን እንድታልፍ አይጠብቅም። በመሣሪያ ከሚሞክሩት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አይተርፉም።

ይህ በእኛ ማኅበረሰብ የማይወራ ነገር ነው። "በድንገት አረፈ" እንላለን። ፍትሐት ይቀርበታል ብለን፣ ቤተሰቡ ያፍራል ብለን እንሸፍነዋለን፤ እኔ እንኳ በእነዚህ ዓመታት "በድንገት" የተባለልኝ ሦስት ወጣት ቀብሬያለሁ። ለዚህ ነው ወዳጄን ከሾትገኑና ከሽጉጡ በፊት ስለ ልጁ የጠየቅሁት። ልጁ በዚህ ዓመት ኳሱን ትቷል። ከትምህርት ቤት ሲመጣ በሩን ዘግቶ ይገባል፤ ራቱን እዚያው ይበላል። "ዕድሜው ነው" አለኝ ወዳጄ። ዕድሜው ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ሐኪሞች ለእንዲህ ያለ ቤት የሚመክሩት መሣሪያውን ለጊዜው ከቤት ማውጣት፣ ያ ካልሆነ ጥይቱን ለብቻ፣ ጠመንጃውን ለብቻ መቆለፍ ነው። የሜሪላንድም ሕግ ከ2023 ወዲህ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የጎረሰ መሣሪያ የሚያስቀምጥን ሰው ይቀጣል።

ባይገዛ መርጬ ነበር፤ ነግሬዋለሁም። ገዛው። የእኔን ነገር ግን ጨርሶ አልጣለውም፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲያልፍ የሚበራ አምፖል አስገብቷል (እማማ "ምን ሆኗል ይኼ ቤት፣ ሌሊቱን ቀን አደረገው" ብለው አማርረዋል)፤ ባትሪም ገዝቷል። ለጠመንጃው በቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን አልጋው ሥር ብሎን አስሮለታል። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ እየኮራ አሳየኝ።

"ቁጥሩን ከአንተ ሌላ የሚያውቅ አለ?" አልኩት።

"ማንም! እኔም እንዳልረሳው የልጁን ልደት ነው ያደረግሁት" አለኝ።

እንዲቀይረው ነገርኩት። "እሺ" ብሎኛል፤ ትናንት ስደውል ገና አልቀየረውም።